ጫኚው ብዙ፣ ባለቤቱ ማን?

በገበያ ቀን መካነ ሰላም ውስጥ ከእህል ተራው ቀጥሎ ሰው የሚሰለፈው ዘፈን የሚጫንበት ቤት ደጃፍ ነው። ቤቱ ከአንድ በር አይሰፋም። ያረጀ ኮምፒውተር፣ የካርድ ማንበቢያ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ቻርጀሮችና የጆሮ ማዳመጫዎች፣ ደጃፉ ላይ ለመንገደኛው ሁሉ የሚጮህ ስፒከር፤ ያለው ይኸው ነው። ጋቢውን እስከ አገጩ የተከናነበ ገበሬ ተራው ሲደርስ ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለች ሚሞሪ ያወጣል።

«ምን ልጫንልዎ፣ ጋሼ?»

«አምባሰል አርግልኝ፤ የድሮውን። ቦታ ከተረፈ መንዙማም ጨምርበት።»

«የማንን አምባሰል?»

«ያችን ድምጿ አንጀት የሚበላውን። ስሟ ጠፋብኝ እኮ ልጄ!»

ልጁ ሳቅ ብሎ አንድ ፎልደር ይከፍታል። ፋይሎቹ «ትራክ 07»፣ «አዲስ 2»፣ «ምርጥ ወሎ» ይላሉ። የድምፃዊው ስም ሊሰፍርበት በሚገባው ቦታ ኮምፒውተሩ ራሱ «ያልታወቀ» ብሎ ሞልቶበታል። የዘፋኟን ስም ልጁም አያውቀውም። እሱ የገለበጠው ከደሴ ከመጣ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ደሴ ያለውም ከሌላ ገልብጧል። ከዚያ በላይ ያለውን ሰንሰለት የሚያውቅ የለም።

ገበሬው ሂሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ከፍሏልና ሰረቀ ሊባል አይችልም። ግን የከፈለው ለጫኚው ድካም ነው፤ ለዘፋኟ፣ ለግጥምና ዜማ ደራሲው፣ ለመሰንቆ መቺው የደረሰ ሳንቲም የለም። ጫኚውም ራሱን እንደ ሌባ አያይም። የሚኖረው በሙያው ነው፤ ለጋሼም የፈለጉትን ሰጥቷቸዋል።

ስለ ቅጂ መብት ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ገንዘብ ነው። በእኔ ግምት ግን ከገንዘቡ በፊት የሚጠፋው ስም ነው፤ ስሙ ከጠፋ ደግሞ ገንዘቡን የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። ዓለም ላለፉት 30 ዓመታት ገደማ በዲጂታል ሥራዎች ሆድ ውስጥ ምልክት የሚቀብሩ ዘዴዎችን ሲፈትሽ የኖረው ለዚህ ነው። ምልክቱ ሥራው ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል፣ ሲጓዝ አብሮ ይጓዛል፣ ሲጠየቅ «እኔ የእገሌ ነኝ» ይላል። እኔን ያሳሰበኝ ከነዚህ ዘዴዎች የትኛው ኔትወርክ በሚመጣና በሚሄድበት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ይሠራል የሚለው ነው።

ሐሳቡ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ መቅደላ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው፣ አብዛኛውን ከጎንደር አድባራት፣ ያሰባሰቧቸው ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ብራናዎች ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። የተዘረፈው ሀብት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ወጣ፤ እዚያም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የላከው ሪቻርድ ሆልምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። 350 ያህሉ ብራናዎች በመጨረሻ ሙዚየሙ ገብተው ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

እነዚህ መጻሕፍት ከየት እንደተነሱ ዛሬ መናገር የተቻለው ራሳቸው ስለሚናገሩ ነው። የኛ ጸሐፍት በመጽሐፉ መጨረሻ፣ በኅዳጉ ወይም በባዶው ቅጠል ላይ የጻፈውን፣ ያስጻፈውንና መጽሐፉ የተሰጠበትን ደብር ስም ያኖራሉ። መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ስሙን የፋቀ የተወገዘ እንዲሆን የሚያዝዝ ቃልም ይጨምሩበታል። ልብ በሉ፣ ሁለት ወንጀል ነው የተቆጠረው፤ መስረቅና መፋቅ። ባለቤትነትን የሚያጠፋው መውሰዱ ብቻ ሳይሆን ስም መፋቁም መሆኑን ጸሐፍቱ ያውቁ ነበር። ሪታ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ቴዎድሮስ የመቅደላ ቤተ መጻሕፍት ባሳተሙት ጥናት የብራናዎቹን መነሻ ሲከታተሉ መንገድ ያሳያቸው በየመጽሐፉ የሰፈረው ማስታወሻ ነው።

ውግዘቱ አንድም ወታደር አላስቆመም። ምስክርነቱ ግን አልሞተም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ሲጠይቁ ሙዚየሙ በእጁ ከነበሩት ሁለት ቅጂዎች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1872 መለሰ፤ መመለሱንም መጽሐፉ ላይ ጻፈበት። ንጉሡ በዚያው የጠየቁት ኩርዓተ ርእሱ የተባለው የክርስቶስ ሥዕል ግን አልተገኘም ተባለ፤ ሆልምስ ለራሱ ደብቆት ነበርና። በስሙ የሚጠራ መጽሐፍ ሲመለስ፣ በአንድ ሰው ቤት የተሸሸገ ሥዕል ሳይመለስ ቀረ።

የቅኔ ቤቱም እንዲሁ ነው። ከመካነ ሰላም በስተምዕራብ ዐባይን ተሻግሮ ጎጃም፣ በስተሰሜን ዋድላ፤ ሁለቱም የቅኔ አገር ናቸው። ቅኔ ሲጠቀስ የባለቅኔው ስም አብሮ ይጠራል፤ የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚዘርፍ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ይዋረዳል። ይህ ሕግ በየትኛውም አዋጅ አልተጻፈም፤ የሚያስከብረው ቅኔውን የሚያውቅ ጆሮ ነው። ዲጂታሉ ዓለም የጎደለው ይህ ጆሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሺህ ስልክ ወደ ሺህ ስልክ የሚያልፍን ዘፈን ባለቤት የሚያውቅ ሰው በየቦታው ስለማይኖር፣ ማወቁ ወደ ፋይሉ ውስጥ መግባት ነበረበት።

እንዴት እንደሚገባ ለማየት ከፎቶ እንነሳ። የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክን አስቡ፤ ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ጠዋት ጠዋት ከዐባይ ሸለቆ የሚወጣው ጉም። አንድ የአካባቢው ወጣት ሌሊት ተነስቶ፣ በብርድ ተጠብሶ ያነሳውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። ካሜራው ፎቶው ውስጥ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የካሜራውን ዓይነት፣ ባለቤቱ ካስገባም ስሙን ይጽፋል። ቴሌግራም ፎቶውን በተለመደው መንገድ ሲልክ ግን ይጨምቀውና ያንን መረጃ ያራግፈዋል። «እንደ ፋይል» ካልላኩት በቀር የሚደርሰው ስም አልባ ምስል ነው። በማግስቱ አንድ ትልቅ ገጽ ያነሳውና ጥጉ ላይ የራሱን አርማ ያትምበታል። በዓይን የሚታየው ማኅተም ለሌባውም ያገለግላል፤ እንዲያውም በአገራችን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከባለቤቱ ይልቅ የወሰደውን ገጽ አርማ የያዘ ፎቶ ማየት ብርቅ አይደለም።

የማይታየው ምልክት የመጣው ከዚህ ነው። ፎቶ ለኮምፒውተር የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠኗ ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይገለጻል። ከሰማዩ ላይ አንዲትን ነጥብ ከ200 ወደ 201 ብትለውጡ የሚለይ ዓይን የለም። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ለውጥ በምስጢር ቁልፍ እየተመራ በሺዎች በሚቆጠሩ ነጥቦች ላይ ሲበተን፣ ቁልፉን የያዘ ሰው ብቻ የሚያነበው ጽሑፍ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ዘዴዎች ምልክቱን እምብዛም በማይፈለገው የቁጥሩ ጫፍ ላይ ያኖሩት ስለነበር ፎቶው አንዴ ሲጨመቅ ይረግፍ ነበር። ኢንገማር ኮክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ዘዴ ነገሩን ገለበጠው፤ ምልክቱን ምስሉ ያለነሱ ምስል በማይሆንባቸው ክፍሎች ላይ በተኑት። ምልክቱን ማጥፋት የሚሻ ምስሉንም አብሮ ማበላሸት ይኖርበታል። ለድምፅም ይሠራል። ከበሮው ጎልቶ በተመታበት ቅጽበት ጆሮ ደቃቁን ድምፅ አይሰማም፤ ምልክቱ እዚያ ይቀበራል። በወረቀት ላይ ግን ሐሳቡ የቆየ ነው፤ በጣሊያኗ ፋብሪያኖ ከተማ ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወረቀት ሠሪዎች ወደ ብርሃን ሲያነሱት የሚታይ ምልክት ያኖሩ ነበር።

ሌላው መንገድ ምንም አይቀብርም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚጠቀምበት ኮንቴንት አይዲ የሥራውን አሻራ ወስዶ መዝገብ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚጫነውን ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ኃይለኛ ነው፤ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። መዝገቡ የሚያምነው ያስመዘገበውን ነው። ባለቤቷ ያላስመዘገበችውን የድሮ ካሴት ሌላ ሰው ቀድሞ ካስመዘገበው፣ የራሷን ድምፅ ራሷ ስትጭን «የሰው ሥራ ነው» ልትባል ትችላለች።

ሦስተኛው ዲጂታል ፊርማ ነው። ኮምፒውተር ማንኛውንም ፋይል፣ የአንድ ሰዓት ቪዲዮም ይሁን የአንድ ገጽ ግጥም፣ አስልቶ 64 ፊደላትና አኃዞች ወዳሉት አጭር ቁጥር ያወርደዋል። ከግጥሙ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትነሳ ቁጥሩ እንዳለ ይለወጣል። ደራሲው ይህን ቁጥር ከእርሱ በቀር ማንም በማይዘው ቁልፍ ይፈርምበታል፤ ማንም ሰው ደግሞ በይፋዊው ቁልፍ ያረጋግጠዋል። አዶቢ፣ ማይክሮሶፍት፣ ቢቢሲና ሌሎችም እ.ኤ.አ. በ2021 ያቋቋሙት ሲ2ፒኤ የተባለው ጥምረት ለፎቶና ለቪዲዮ ያወጣው ደንብ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ላይካ እ.ኤ.አ. በ2023 ፎቶውን ገና ሲያነሳው የሚፈርም ካሜራ ገበያ ላይ አውጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማንንም ድምፅ አስመስሎ በሚዘፍንበት ዘመን የዚህ ጥቅም ከሌብነት መከላከልም ያልፋል፤ «ይህን እኔ አልዘፈንኩም» ለማለት «ይህን እኔ ዘፍኛለሁ» የሚል የተፈረመ ማስረጃ ያስፈልጋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ምልክት ነው። ኩባንያዎች ግን ለብዙ ዓመታት ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ሥራው እንዳይገለበጥ በሚከለክል ቁልፍ ላይ ነበር። ልዩነቱን የወሎ ቦረና በግ አርቢ አሳምሮ ያውቀዋል፤ የጋጥ መዝጊያና የጆሮ ብጥ ሁለት ነገር ናቸው። መዝጊያው በጉን እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ብጡ ግን በጉ ገበያ መሀል ቢገኝ የማን እንደሆነ ይመሰክራል። የዲጂታሉ መዝጊያ ታሪክ የውርደት ታሪክ ነው። የዲቪዲው ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ1999 ተሰበረ፤ ከሰበሩት አንዱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ኖርዌያዊ ነበር። ሶኒ ቢኤምጂ እ.ኤ.አ. በ2005 በሙዚቃ ሲዲዎቹ ላይ ያስገባው ፕሮግራም የገዢዎችን ኮምፒውተር ለጥቃት ክፍት አድርጎ ስለተገኘ ሲዲዎቹን ከገበያ ሰበሰበ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ከሚሸጣቸው ዘፈኖች ላይ ቁልፉን አነሳው። ምልክቱም ቢሆን የማይነካ አይደለም፤ የሙዚቃ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2000 «ስበሩት» ብለው ለውድድር ያቀረቧቸውን የድምፅ ምልክቶች የፕሪንስተኑ ኤድ ፌልተንና ጓደኞቻቸው አሸንፈዋቸዋል።

በኛ አገር ቁልፉ ላይ ሌላ መከራ ይጨመራል። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስ፣ ጆኒ ራጋና ባልደረቦቻቸው አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሲከፍቱ ዘፈን በሕጋዊ መንገድ በስልክ የሚገዛበት የአገር ቤት ገበያ ተፈጠረ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰዋስው ተከተለ። ትልቅ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ አገልግሎት ግን ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ለመግዛትም ለማውረድም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለወራትም ተቋርጦ ሲቆይ፣ በመተግበሪያ የሚገዛ ሰው ከገበያው ወጣ። ሚሞሪና ፍላሽ ግን አልተቋረጡም። ሕጋዊው መንገድ ሲዘጋ ክፍት የቀረው ያ አንድ በር ያለው ቤት ነው። ለዚህ ነው በደጋው ወሎ ከቁልፍ ይልቅ በምልክት የማምነው። የፈራሚው ይፋዊ ቁልፍ አስቀድሞ ኮምፒውተሩ ላይ ካለ ፊርማን ለማረጋገጥ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ድምፅ ውስጥ የተቀበረ ምልክትም በፍላሽ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

በአንድ ሩቅ ቤት ብቻ የተቀመጠ ዲጂታል ቅጂም ዋስትና እንደማይሆን የመቅደላ ብራናዎች ዳግመኛ አሳይተውናል። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ከኢትዮጵያ ብራናዎቹ በፎቶ አንስቶ ለዓለም ክፍት ያደረጋቸው ነበሩ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍቱ ላይ የሳይበር ጥቃት ሲደርስ የዲጂታል ብራናዎቹ ገጽ ጠፋ፤ ለረጅም ጊዜም ሳይመለስ ቆየ። ዋናው በለንደን፣ ቅጂውም በለንደን ነበር።

ሕጉስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ራሱን የቻለ ሕግ የመጣው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት፣ ከዋኝም ለ50 ዓመት ይጠበቅለታል። የ1996ቱ አዋጅ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ አድርጓል። መብቱ የሚገኘው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። የአምባሰል፣ የባቲ፣ የትዝታና የአንቺ ሆዬ ቅኝቶች የማንም የግል ንብረት አይደሉም፤ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ያዜመችበት ቅጂ ግን የከዋኟና የአሳታሚው መብት ያለበት ሥራ ነው። «የባህል ዘፈን ስለሆነ የሁሉ ነው» የሚለው ማመካኛ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ከመብቶቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ስም የመጠራት መብት ነው። አዋጁ ደራሲው የሥራው አመንጪ ተብሎ እንዲታወቅ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ገንዘብ ኖረም አልኖረም። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ያዘጋጀው የቅጂ መብት ስምምነት በአንቀጽ 11 ቁልፍ መስበርን፣ በአንቀጽ 12 ደግሞ የባለቤትነት መረጃን ከዲጂታል ሥራ ላይ ማራገፍን አገሮች በሕግ እንዲከላከሉ ይጠይቃል። ሁለተኛው ከብራና ጸሐፍቱ ውግዘት ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ ይሏል።

ዳኛ ፊት ሲቀርብ ግን ማስረጃ ያሻል፤ እዚህ ላይ አገሪቱ ብዙ ያልተጠቀመችበት መሣሪያ አላት። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም የፊርማ ምስክር ወረቀት ሰጪዎች የበላይ ሆኗል። እስካሁን የሚታሰበው ለባንክ፣ ለጨረታና ለመንግሥት ሰነድ ነው። ግጥም፣ ዜማና ፎቶ ለመፈረም እንዳይውል የሚከለክል ነገር ግን አይታየኝም። አንድ ነገር ብቻ አይርሳ፤ ፊርማ ማን እንደፈረመ እንጂ ማን እንደፈጠረ አያውቅም። ሌባም ቀድሞ መፈረም ይችላል። ስለዚህ ከፊርማው ጎን ሰው የሚያምነው መዝገብ መቆም አለበት።

ያንን መዝገብ ከአዲስ አበባ መጠበቅ የለብንም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። የኮምፒውተር ተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራ ይፈልጋሉ፤ በዙሪያቸው ያሉ መንዙማ አውጪዎች፣ መሰንቆ መቺዎችና ባለቅኔዎች ደግሞ ድምፃቸውን በስማቸው የሚቀዳላቸው አጥተዋል። ዩኒቨርሲቲው እየቀዳ፣ ስምና ቀን እየጻፈ፣ ምልክት እየቀበረ፣ እየፈረመ አንዱን ቅጂ ለባለቤቱ፣ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለወመዘክር ቢያስቀምጥ ወጪው ከአንድ ሕንፃ አጥር አይበልጥም። ያኔ ጫኚዎቹም አጋር ይሆናሉ፤ ማን እንደዘፈነው የሚያሳይ ፋይል ከተሰጣቸው ስሙን የሚደብቁበት ምክንያት የላቸውም።

እስከዚያው እናንተ ዛሬ ልታደርጉት የምትችሉት አለ። በሣጥን ውስጥ፣ በቁም ሣጥን ላይ፣ በአያቶቻችሁ ቤት የቀሩ የድሮ የወሎ ካሴቶች አሉ። ድምፁ በየፍላሹ ተገልብጧል፤ የዘፋኙን፣ የግጥምና ዜማ ደራሲውን፣ የአጃቢዎቹንና የሙዚቃ ቤቱን ስም የያዘው ወረቀት ግን የቀረው እዚያ ካሴት ሽፋን ላይ ብቻ ነው። ካሴቱ ተበጥሷል ብላችሁ ሽፋኑን አትጣሉት። ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሱት፤ ዘፈኑን የምትጭኑበት ፋይል ላይም ከዚያ ያነበባችሁትን ስም ጻፉበት።